ክንፉን የሚይዝ ሙጫ

ሙጫ ሳንባ ላይ ከተጣበቀ በምን ይላቀቃል?

እማማ ጥንቃቄ ይህን ጥያቄ ሲያብላሉት ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ መልስ ግን አላገኙለትም። ሐኪም እንዳይጠይቁ፣ «ማነው ሙጫ የዋጠው?» ብሎ እሳቸውኑ ያፋጥጣቸዋል። ጎረቤት እንዳይጠይቁ፣ ወሬው ሰፈሩን ዞሮ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ የሻርባቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ ይዘው ከጓሮ ክፍሉ በር ፊት ቆመዋል። በበሩ ስንጥቅ የሚወጣው ሽታ ያው የትናንቱ ነው፤ ጫማ ሰፊ ጋ የሚሸተው፣ ራስ የሚያዞር፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ።

«መስኮቱን ከፍተሻል?»

«ከፍቻለሁ፣ እማዬ!» አለች የልጅ ልጃቸው ከውስጥ።

«ሁለቱንም?»

«ያለው አንድ መስኮት ነው!»

«እሱኑ በደንብ ክፈቺው ማለቴ ነው።»

«እማዬ፣ እኔ እያጣበቅኩ ነው እንጂ እያሸተትኩ አይደለም።»

«የምታጣብቂው አፍንጫሽን ውጭ አስቀምጠሽ ነው?»

ሰፈርተኛው እማማ ጥንቃቄ ያላቸው በከንቱ አይደለም። ሰማዩ ሳይጠቁር ልብስ ከገመድ ያወርዳሉ። ክብሪት ለኩሰው ካጠፉ በኋላ ስንጥሯን ውሃ ውስጥ ይነክራሉ። ግን ስጋታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። አንድ ልጃቸው፣ የዚህችው ልጅ አባት፣ የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት በጠዋት ተነስቶ «መጣሁ» ብሎ እንደ ወጣ ቀረ። ሞተ እንዳይባል ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ደብዳቤ ጽፏል፤ አለ እንዳይባል ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ሚስቱ ቀድማ አርፋ ስለነበር የአራት ዓመቷ ሕፃን እሳቸው እጅ ላይ ቀረች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚህ ቤት «መጣሁ» ብሎ መውጣት ክልክል ነው። የሚወጣ ሰው ወዴት እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስና ሹራብ መያዙን ሳይናገር ደጁን አይረግጥም። ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷት እንኳ፣ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ፍርድ ቤት እንደቆመ ምስክር ቃሏን ትሰጣለች።

እና አሁን አውሮፕላን የምትሠራው ይህችው ልጅ ናት። ሰማይ ላይ የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር የያዘችውን ጥላ ስለምትሮጥ፣ ገና በሕፃንነቷ ሰፈሩ «ጢያራ» ብሏት ቀርቷል። ዘንድሮ የአውሮፕላን ጥገና የሚያስተምረው ማሠልጠኛ ተማሪ እቀበላለሁ ሲል ተመዘገበች፣ የጽሑፉንም ፈተና አለፈች። የቀራት የእጅ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ተፈታኝ ከቀላል እንጨት የራሱን ትንሽ አውሮፕላን ሠርቶ ቅዳሜ ጠዋት ስታዲየም ይመጣል፤ ፈታኞቹ ፊት ሦስት ጊዜ በእጁ ይወረውረዋል። ሦስቱንም ጊዜ ተንሳፍፎ ወርዶ ክንፉ ከገላው ካልተለየ ገባ ማለት ነው። ከተለየ ደግሞ አበቃ። ከአሥራ ሰባት ዓመት በላይ ስለማይቀበሉ የከርሞ ነገር የለም።

ማሠልጠኛው ያለው በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ላይ ነው። አዳሪ ነው። እማማ ጥንቃቄ ይህን ከሰሙ ወዲህ ጸሎታቸው ሁሉ ተበላሽቶባቸዋል፤ «እርዳልኝ» ብለው ይጀምሩና በምን እንደሚረዳቸው ሳይናገሩ ያቋርጡታል።

ከውስጥ አንድ ነገር «ጧ!» አለ። ወዲያው በሩ ተከፈተና ልጅቷ ብቅ አለች፤ በአንድ እጇ ገላውን፣ በአንድ እጇ ክንፉን ይዛለች። ፀጉሯ ላይ ፍቅፋቂ እንጨት ተበትኗል።

«ለአራተኛ ጊዜ» አለች። «ወርውሪኝ እስኪለኝ ይጠብቅና ትራስ ላይ ሳሳርፈው ይገነጠላል።»

«ትራስ ላይ?»

«ትራስ ላይ! ማስቲሹ ነው። ሙጫው የማይረባ ነው።»

እማማ ጥንቃቄ ክንፉን ተቀብለው አገላበጡት። እንደ ቡሽ የቀለለ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር እንኳን ሰው ሊያሳፍር ራሱንም የሚሸከም አይመስልም። ነገሩ ግን ገረማቸው። ሟቹ ባላቸው ዕድሜ ልኩን አናጺ ነበር፤ እሱ የሠራው ወንበር ላይ ስንት ወፍራም እንግዳ ተቀምጦ ተነስቷል። እሱም ሙጫ ነበር የሚጠቀመው። ታዲያ ምን ዓይነት ሙጫ ነው ሰው ተሸክሞ ያልለቀቀ፣ ምን ዓይነት ሙጫስ ነው ላባ የሚያክል ክንፍ መያዝ ያቃተው?

«ለእኔ ተዪው» አሉ፤ «እኔ አጠይቃለሁ።»

ከቤት ሲወጡ፣ ቢያንስ ይህ የሚሸተው ነገር ከቤታቸው ይወጣል ብለው ነው። መንገድ ላይ ግን የማወቅ ጉጉቱ ስጋታቸውን ቀድሞ ሲራመድ ታወቃቸው።

ጫማ ሰፊው ማዕዘኗ ላይ፣ ከአሮጌ ጃንጥላው ሥር ነበር።

«እማማ፣ ደግሞ ምን ተቀደደ?»

«ልቤ።»

«እሱን አልሰፋም። ሶል ከሆነ ይምጡ።»

ክንፉን አሳዩት። ጫማ ሰፊው ስቆ የማስቲሹን ቆርቆሮ አነሳ። «ይሄ የሚያውቀው ጫማ ነው። ሁለቱም ፊት ይቀባል፣ እስኪጠነፍፍ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይጋጠማል። ከያዘ በኋላም እንደ ጎማ ይለመጣል። ጫማ መለመጥ አለበት፤ ካልተለመጠ እግር ይበላል። ክንፍ ሲለመጥ ግን ምን ይሆናል?»

«ይወድቃላ።»

«አዩ! ገባዎት።»

እማማ ጥንቃቄ ዝቅ ብለው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ሳንባ ላይስ? ይጣበቃል?»

«እኔ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመቴ ነው። ሳንባዬ እስካሁን ከእኔው ጋር ነው።»

«እንደተጣበቀ?»

«እንደተጣበቀ!» ከዚያ ግን ፈገግታውን ሰብሰብ አደረገ። «ቀልድ አይደለም እማማ፣ እኔ ደጅ የምሠራው ወድጄ አይምሰልዎ። ቤት ዘግቶ ይሄን መክፈት አይደረግም። ይልቅ ይቺን ይሞክሩ።» ጣት የማታክል የሱፐር ግሉ ቱቦ አወጣ። «አሥር ሳይቆጥሩ ትይዛለች። ጣትዎን ብቻ እንዳያጣብቁ፣ አብረው ይበርራሉ።»

ያቺ ቱቦ የከዳቻቸው ገና ሳይመሽ ነው። ልጅቷ አንድ ጠብታ አደረገች፣ ያዘች፣ እስከ አሥር ቆጠረች፣ ያዘ። ሁለቱም እልል ሊሉ ሲቃጣቸው ልጅቷ ወደ አልጋው ወረወረችው። ክንፉ «ቀጭ» ብሎ፣ ቢላ እንደቆረጠው ሁሉ ጥርት ብሎ ተለየ።

«ይሄ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ነው» አለች ልጅቷ፤ «መታ ሲያደርጉት አይችልም።» አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የራሷን እጆች አየች። እማማ ጥንቃቄ ያ አስተያየት አላማራቸውም።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ረቡዕና ቅዳሜ በዚህ ቤት የዘይት ቀን ነው። ሟቹ ያስለመዳቸው ነው፤ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ይዘው በቤቱ ያለውን እንጨት ሁሉ ያብሳሉ። በሩን፣ የመስኮቱን ክፈፍ፣ ጠረጴዛውን፣ ወንበሮቹን፣ የመጥረጊያውን እጀታ፣ ማበጠሪያቸውን ሳይቀር። አንድ ጊዜ የእናታቸው ሣጥን ውስጡ ነቅዞ፣ ሲነኩት እንደ ዱቄት ፈርሷል፤ ከዚያ ወዲህ ነቀዝ የሚባል ነገር በሕልማቸው ይመጣባቸዋል። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ የጓሮ ክፍሉንም ገብተው አየር አስገቡ፤ በዚያው መደርደሪያውን፣ መሥሪያ ጠረጴዛውን፣ የልጅቷንም የእንጨት እስር አበስ አበስ አድርገው ወጡ። ከዚያ የተሰበረውን ክንፍ በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ እንጨት ቤቱ ሄዱ።

እንጨት ቤቱን የያዘው የሟቹ ደቀ መዝሙር የነበረ አናጺ ነው። የሚለው ነገር ሁሉ «ቀስ በሉ» ብሎ ስለሚጀምር ስሙም ያው ሆኖ ቀርቷል። መጋዙን አጥፍቶ ከላዩ ላይ ብናኙን አራገፈና ወንበር ጠረገላቸው።

«ቀስ በሉ እትዬ፣ ሚስማር አለበት።»

እማማ ጥንቃቄ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙትን ራቁት የወንበር እግሮች አዩና ዝም ማለት አልቻሉም። «እነዚህን እንዲህ ታቆማቸዋለህ? ዘይት አትቀባቸውም? ይነቅዛሉ እኮ።»

«ገና አልተጋጠሙም። ዘይት የመጨረሻው ነው» አለ እሱ ጋዜጣውን እየፈታ። የክንፉን ስባሪ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ብዙ አየው። ከዚያ ከወለሉ ላይ አንድ የተሰበረ ቁራጭ አንስቶ ከጎኑ አደረገ።

«ይሄን የኔን ይዩ። ሲሰበር እንጨቱን ቦጭቆ ነው የወጣው። ሙጫው አልለቅም ብሎ፣ የተሸነፈው እንጨቱ ነው። ጥሩ ሙጫ የሚባለው እንዲህ ነው። የልጅቷን ይዩ ደግሞ፤ ልጥ ብሎ ነው የተላቀቀው። አንዲት ጭረት የለውም። ሙጫው እንጨቱ ውስጥ አልገባም፤ አልተዋወቁም።»

«ለምን?»

«ቀስ በሉ። እኔም አላወቅኩም።»

ነጭ ኮላ በትንሽ ማሰሮ ቀዳላቸው። ስስ ተደርጎ እንደሚቀባ፣ ተቆንጥጦ እንደሚያድር፣ ከበዛ ክብደት ብቻ እንደሚሆን ነገራቸው። «የሚበርር ነገር ነው፤ ኮላ አሸክማችሁት እንዳይቀመጥባችሁ።» ደግሞ ሁለት ሁለት ቁራጭ አጣብቀው፣ ሲደርቅ ክብደት አንጠልጥለው እንዲሞክሩ መከራቸው። ለሙከራ የሚሆን ሁለት የራሱን ስስ እንጨት ሰጣቸው።

እማማ ጥንቃቄ ቤት ገብተው ልክ እንደተባሉት አደረጉ። የአናጺውን ሁለት ቁራጭ አጣበቁ። ከልጅቷም ትርፍራፊ ሁለት ቁራጭ መርጠው አጣበቁ። በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጠው መስኮቱ ሥር አሳደሯቸው። ልጅቷም በበኩሏ በዚያው ኮላ ክንፉን አጣብቃ ቆነጠጠችው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ፣ እማማ ጥንቃቄ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አቁመው የአናጺውን እንጨት በመካከላቸው አጋደሙ። በሲባጎ የጓዳውን ቁልፍ አንጠለጠሉበት። ቻለ። የልብስ ካውያውን አንጠለጠሉበት። ጎበጠ እንጂ ቻለ። «ጎበዝ» አሉት።

ቀጥሎ የልጅቷን እንጨት አጋደሙ። ቁልፉን ሳይለቁት፣ ገና በእጃቸው እንደያዙት፣ መጋጠሚያው ልጥ ብሎ ተላቀቀ።

ቁጭ አሉ። ሙጫው አንድ ነው። እጁ አንድ ነው። መቆንጠጫው ያው፣ መስኮቱም ያው። የተለየው እንጨቱ ብቻ ነው። መነጽራቸውን አድርገው የልጅቷን ቁራጭ ወደ ብርሃን አወጡት። ያብረቀርቃል። የአናጺው አያብረቀርቅም። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

ያን ሽታ ከማንም በላይ ያውቁታል። ባላቸው ከሥራ ሲመለስ ከእጁ የሚሸተው፣ ከበሩ፣ ከጠረጴዛው፣ ከማበጠሪያቸው የሚሸተው ነው።

«ዘይት የመጨረሻው ነው» ብሏቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ አልሰሙትም። ባላቸው ሠላሳ ዓመት እንጨት ሲገጥም እሳቸው አላዩም፤ ወደ ቤት የሚመጣው ያለቀው ብቻ ነበር። ያለቀ እንጨት ደግሞ ዘይት ይወዳል። ልጅቷ ያን እስር ካመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። ረቡዕና ቅዳሜ፣ ረቡዕና ቅዳሜ… ስድስት ጊዜ።

መጀመሪያ ጨርቁን ሊደብቁ ተነሱ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ። ሌላ ሐሳብ መጥቶባቸው ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ ጫማውን አውልቆ የገባ ሐሳብ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም። ቅዳሜ ክንፉ ይወድቃል፣ ልጅቷ አንድ ሁለት ቀን ታለቅሳለች፣ ከዚያ እዚሁ ያለ ኮሌጅ ትገባለች፤ ማታ ማታ ትመጣለች። አውቶቡስ የለ፣ የሁለት ቀን መንገድ የለ። ማድረግ ያለባቸው ነገር የለም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ማለት ግን በሕይወታቸው ችለውት የማያውቁት ነገር ነው።

ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ገባች። ቀጥታ ወደ ጓሮ ክፍሉ ሄደች፤ ስትመለስ ክንፉም ገላውም ለየብቻ ነበሩ። ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

«ተውኩት፣ እማዬ።»

«ምኑን?»

«ፈተናውን። ሦስት ዓይነት ሙጫ ተሰብስቦ አይሳሳትም። እጄ ነው። እኔ እጅ የለኝም። አውሮፕላን የሚነካ ሰው እጅ ሊኖረው ይገባል።» እጆቿን ዘርግታ የሰው ዕቃ እንደሆኑ ሁሉ አየቻቸው።

እማማ ጥንቃቄ እነዚያን እጆች ያውቋቸዋል። በአምስት ዓመቷ የተበላሸ ቁልፍ ፈትተው የገጠሙ፣ በአሥር ዓመቷ ዲዳ የነበረውን ራዲዮ ያስለፈለፉ እጆች ናቸው።

«እጅሽን አትስደቢብኝ!» አሉ፣ ራሳቸውም በደነገጡበት ድምፅ። «እኔ ነኝ። ዘይት ነክቶታል።»

«ምን?»

«እንጨትሽን። አበስኩት እንጂ አልቀባሁትም። እንዳይነቅዝብሽ ብዬ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ረቡዕና ቅዳሜ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጣበት ሳምንት ጀምሮ።»

«ሁሉንም?»

«ትንንሾቹን በደንብ። ነቀዝ እነሱን ይወዳል።»

ልጅቷ አልጮኸችም። ብርጭቆ ውሃ አመጣች፣ ጣቷን ነክራ የአናጺው እንጨት ላይ አንዲት ጠብታ አንጠባጠበች። ጠብታዋ ተዘርግታ ሰረገች። የራሷ እንጨት ላይ አንጠባጠበች፤ ጠብታዋ ክብ ሆና እንደ ዶቃ ተንከባለለች። ሌላ እንጨት አመጣች፣ ሌላም። 

ከዚያ መናደዷ ትዝ አላት። «ሦስት ሳምንት! እኔ ደግሞ ሙጫውን ስሰድበው!» ብላ ገብታ በሩን ዘጋች። ራቷንም ለብቻዋ በላች። ስትተኛም ደኅና እደሪ አላለችም።

አርብ ጠዋት ግን ከጓሮ ክፍሉ የብርጭቆ ወረቀት ድምፅ ተሰማ፤ ሽ፣ ሽ፣ ሽ። እማማ ጥንቃቄ በሩን ገፋ አድርገው ያዩት መስኮቱ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ልጅቷ መጋጠሚያዎቹን ብቻ ፍቃ ነጩን እንጨት ስታወጣ ነበር። ሳይጠሩ ገቡ። ሳይባሉ የቁስል ማጠቢያውን አልኮልና ንጹህ ጨርቅ አመጡ። ልጅቷ ጨርቁን አሽትታ ነው የተቀበለችው።

«አዲስ ነው» አሉ እማማ ጥንቃቄ። «ዘይት በዓይኑም አላየ።»

ልጅቷ ልትስቅ ነበር፣ ዋጠችው።

አጸዱ፣ አደረቁ፣ ጠብታ አንጠባጠቡ፤ ሰረገ። መጀመሪያ ሁለት ቁራጭ ብቻ አጣብቀው እስከ ማምሻው ጠበቁ። ካውያውን ሲያንጠለጥሉበት እንጨቱ «ጧ!» ብሎ ተሰበረ፤ ሁለቱም ጮኹ። ልጅቷ ግን ከወለሉ ላይ አንስታ ስታየው የተሰበረው ከመጋጠሚያው አጠገብ፣ እንጨቱ ራሱ ነው። መጋጠሚያው ደኅና ነው።

«አልለቅም አለ!» አሉ እማማ ጥንቃቄ። «አናጺው እንዳለው፣ የተሸነፈው እንጨቱ ነው!»

ከዚያ ክንፉን ገጠሙት። የግቢው መቆንጠጫ ሁሉ ተለቅሞ መጣ፤ ገመድ ላይ የነበረ ልብስ መሬት ለመሬት ተንከባለለ፤ እማማ ጥንቃቄም አላነሱትም። አንድ ቦታ መቆንጠጫ የማይደርስበት ስለነበረ በሁለት ጣታቸው ይዘው ቆሙ።

ልጅቷ ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሳ፣ «ዝም ብትዪ ኖሮ እቀርልሽ ነበር። ታውቂ ነበር አይደል?» አለች።

«አውቅ ነበር። ያንን ጫፍ ያዢ፣ ይንሸራተታል።»

 ኮላው እስኪይዝ ጣታቸው ደነዘዘ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ የዘይት ቀን ነበርና እማማ ጥንቃቄ ጨርቃቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ቆመዋል። የሚጠይቁት ሁሉ ጉሮሯቸው ላይ ተሰልፏል፤ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ ምናልባት ካለፍሽ መቼ፣ አውቶቡሱ ማታ ይነዳል ወይ። ልጅቷ ከጓሮ ክፍሉ ወጣች። አውሮፕላኑን በሁለት እጇ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች፤ ሹራቧ ወገቧ ላይ ታስሯል፤ ለክፉ ቀን የቀዳችውን የኮላ ብልቃጥ በክዳኑ በኩል በጥርሷ ይዛዋለች። ብትፈልግም እንኳ መናገር አትችልም።

እማማ ጥንቃቄ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። ጨርቁን ኪሳቸው ከትተው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና፣ ክንፉ እንዳይነካ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈቱላት። ዘይት የጠገበው በር ድምፅ አላሰማም። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆም ብላ ዞር አለች፤ ከብልቃጡ በላይ ዓይኖቿ ብቻ ይታዩ ነበር። ከዚያ ጎኗን አስቀድማ፣ ክንፉን አጋድላ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ወጣች።